እሳቱ ሳይነሣ ማን ይከፍላል?

በተማሪዎች ማኅበራችን የዓርብ ማታ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር



የዛሬው ንግግሬ ርእስ የእሳት አደጋ አገልግሎት እንዴት እንደሚተዳደርና ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ነው። ርእሱ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ጊዜ አንዳንድ ጓደኞቼ «ከዓለም ጉዳይ ሁሉ መርጠህ ያገኘኸው የማዘጋጃ ቤት በጀት ነውን?» ብለው ቀልደውብኛል። ቀልዱን በደስታ ተቀብያለሁ። ይሁን እንጂ ይህን ርእስ እንድመርጥ ያደረገኝ አንድ ሌሊት ስለሆነ፣ አስቀድሜ የዚያን ሌሊት ነገር እንድነግራችሁ ፍቀዱልኝ።

የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ በተወለድኩባት ከተማ፣ ስሟን አልጠራም፣ በገበያው ዳር ከተደረደሩት ሱቆች በአንደኛው እሳት ተነሣ። ከሱቆቹ አንዷ የአክስቴ ነበረች። ጊዜው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ነበር። ጩኸት ሰምተን ስንወጣ የሰፈሩ ሰው በባልዲና በጀሪካን ውኃ፣ በአካፋ አፈር ይዞ ይራወጣል። የማዘጋጃ ቤቱ ግቢ ከገበያው የአምስት ደቂቃ መንገድ እንኳ አይሆንም። በግቢው ውስጥ አንዲት ቀይ የእሳት አደጋ መኪና እንዳለች ሁላችን እናውቃለን፤ በበዓል ቀን ታጥባ በሰልፍ ስታልፍ አጨብጭበንላታል። እኔና ጓደኞቼ ወደዚያው ሮጥን። ስንደርስ ሹፌሩ መጥተዋል፤ ሁለቱ ረዳቶቻቸውም ቆመዋል፤ የመኪናዋ ታንከር ውኃ ሞልቶበታል። «ጋሼ፣ ምን ይጠብቃሉ?» ብለን ጮኽንባቸው። «ነዳጅ የላትም ልጆቼ» አሉን። የነዳጁን ኩፖን የሚፈርሙት ሹም ለስብሰባ ወደ ሌላ ከተማ ሄደው ኖሯል። በሌሉበት እንዲፈርም የወከሉት ሰው አልነበረም።

ነገሩ ወደ ገበያው በተሰማ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው በሰው መካከል ያዞሩ ጀመር። ሰዉ ከኪሱ፣ ሴቶቹም ከመቀነታቸው እየፈቱ ሰጡ። የማደያው ባለቤት ከእንቅልፉ ተቀሰቀሰ፤ ነዳጁ በጀሪካን ተሸክሞ መጣ። መኪናዋ ገበያው ስትደርስ አሥራ አንድ ሱቆች ነደው ነበር። የአክስቴ ሱቅ ዘጠነኛዋ ናት።

እስቲ ይህን ልብ በሉልኝ። መኪና ነበረ፤ ሹፌር ነበረ፤ ውኃ ነበረ። የጎደለው አንድ ፊርማና ጥቂት ሊትር ነዳጅ ነው። ሕዝቡም ገንዘቡን አልሰሰተም፤ በተጠየቀ ጊዜ ወዲያው ሰጥቷል። የሰጠው ግን ቤቱ እየነደደ ሳለ ነው። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ አንድ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣም፤ ያ ገንዘብ ከእሳቱ በፊት ያልተዋጣው ለምንድን ነው? ተዋጥቶስ ከነበረ በማን እጅ ነበር? እሳት ሲነሣ ሁሉም ሰው ለጋስ ነው። የአገልግሎቱ ቁም ነገር እሳት በሌለበት ቀን መክፈል፣ የተከፈለውንም በአደራ ይዞ የሚጠየቅ ሰው ማቆም ነው ብዬ አምናለሁ። የዛሬውም ንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

ይህን ለማስረዳት የእንግሊዝን አገር ታሪክ እጠቅሳለሁ። ያ አገር የእሳት አደጋን ሥራ ለኢንሹራንስ ነጋዴዎች፣ ለማዕከላዊ መንግሥትና ለአካባቢ ምክር ቤቶች በየጊዜው ሰጥቶ ሁሉንም ስለ ሞከረ፣ የየአንዱን ጥቅምና ጉዳት በአንድ ታሪክ ውስጥ ለማየት ይቻላል። ደግሞም ስሕተታቸውን ራሳቸው መርምረው ስለ ጻፉት፣ ለኛ ያለ ዋጋ የሚገኝ ትምህርት ነው። ስለ ውጭ አገር ስናገር የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ እገልጻለሁ።

በ1666 በሎንዶን ከአንድ ዳቦ ጋጋሪ ቤት የተነሣ እሳት አራት ቀን ነድዶ ከ13 ሺህ በላይ ቤቶችንና 87 አብያተ ክርስቲያናትን አጠፋ። ከዚያ በኋላ፣ በ1680 ገደማ፣ የእሳት ኢንሹራንስ የሚሸጡ ኩባንያዎች ተቋቋሙ። ኩባንያዎቹ ቤት በተቃጠለ ቁጥር ካሣ ከመክፈል ይልቅ እሳቱን ማጥፋት እንደሚረክስ ስላወቁ፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን የእሳት አጥፊ ጓድ አቆሙ። ኢንሹራንስ በገባ ቤት ግድግዳ ላይ የኩባንያው ምልክት ያለበት የብረት ሰሌዳ ይለጠፍ ነበር። ምልክቱ የሌለበትን ቤት ቆመው ሲነድ ያዩት ነበር የሚለው ወሬ በሰፊው ይነገራል፤ የታሪክ ሰዎች ግን ይህን ይጠራጠሩታል። ሆኖም ወሬውን ትተን እርግጠኛውን ነገር ብንመለከት ይበቃናል። በ1833 አሥር ኩባንያዎች ተባብረው በሎንዶን አንድ የጋራ ጓድ አቋቋሙ፤ አለቃውም ቀድሞ የኤዲንብራን ከተማ ጓድ የመራው ጄምስ ብሬይድውድ ነበር። ገንዘቡ የኢንሹራንስ ገንዘብ በመሆኑ የጓዱ ዋና ተግባር ንብረት ማዳን ነበር። ከሚነድ ቤት ሰው የሚያወርዱትን ረጃጅም መሰላሎች በየመንገዱ አቁሞ የሚጠብቅ ሌላ የበጎ አድራጎት ማኅበር ነበር። ዕቃው አንድ ጠባቂ፣ ሰውየው ሌላ ጠባቂ ነበረው ማለት ነው። ይህን ያደረገው የሰዎቹ ክፋት አልነበረም። ገንዘቡን የሚያወጣው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚድን የሚወስነውም እርሱ ስለሆነ ነው።

በ1861 ከቴምዝ ወንዝ በስተደቡብ በቱሊ ስትሪት ያሉት የነጋዴዎች መጋዘኖች ተቃጠሉ። በውስጣቸው ጥጥ፣ ስኳር፣ ሞራና ሻይ ነበረ። እሳቱ ፈጽሞ እስኪጠፋ ሁለት ሳምንት ፈጀ። ብሬይድውድም ግድግዳ ተንዶበት በሥራው ላይ ሞተ። ጥፋቱ ወደ 2 ሚሊዮን ፓውንድ ይገመት ነበር። በዚህ ጊዜ የኢንሹራንስ ኩባንያዎቹ ለመንግሥቱ «ከእንግዲህ ይህን ሸክም ብቻችንን አንሸከምም» ብለው አስታወቁ። ነጋዴ ሥራው እስካተረፈ ድረስ ይሠራል፤ ባላተረፈ ቀን መተው መብቱ ነው። ከተማ ግን ከእሳት ሥራውን ለቅቆ መሄድ አይችልም።

ከዚህ የተነሣ በ1865 አንድ ሕግ ወጣ። ለሎንዶን ከተማ የቆመው የሥራ ቦርድ ጓዱን እንዲረከብ ተደረገ። ገንዘቡም ከሦስት ወገን እንዲመጣ ተደነገገ። የቤትና የመሬት ባለቤቶች ከንብረታቸው የግብር ግምት በእያንዳንዱ ፓውንድ ግማሽ ፔኒ፣ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ለእያንዳንዱ ኢንሹራንስ ለሰጡበት አንድ ሚሊዮን ፓውንድ 35 ፓውንድ፣ መንግሥት ደግሞ በዓመት 10 ሺህ ፓውንድ እንዲከፍሉ ሆነ። እኔ ይህን ሕግ ሳነብ ያስደነቀኝ ክፍያው ለሦስት መከፈሉ ነው። ከእሳት አገልግሎት የሚጠቀመው ማን ነው ብሎ ጠይቆ፣ ለተጠቀመው ሁሉ ድርሻውን አካፈለ። የሕዝብ ገንዘብ በመግባቱም ሰውን ማዳን የጓዱ ሥራ ሆነ፤ መሰላሎቹም ከበጎ አድራጊው ማኅበር ወደ ጓዱ ተላለፉ።

ምናልባት ከእናንተ አንዱ «ይህ የጥንት ታሪክ ነው፤ በዛሬ ዘመን ሰው ካልከፈልህ ንደድ አይባልም» ይል ይሆናል። እንግዲህ አንድ የቅርብ ጊዜ ነገር ልጥቀስ። በ2010 በአሜሪካ በቴነሲ ግዛት ሳውዝ ፉልተን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ከከተማዋ ክልል ውጪ የሚኖሩ ሰዎች የከተማዋን የእሳት አደጋ ጓድ ለማግኘት በዓመት 75 ዶላር መክፈል ነበረባቸው። አንድ ቤተሰብ አልከፈለም። ቤቱም በእሳት ተያያዘ። ባለቤቱ የተጠየቀውን ሁሉ አሁኑኑ ልክፈል ቢል የሚቀበለው አጣ። እሳቱ ወደ ጎረቤቱ ይዞታ ሲጠጋ፣ ጎረቤቱ ከፋይ ስለ ነበረ መኪኖቹ መጡ፤ የጎረቤቱን ጠበቁ፤ ያልከፈለው ሰው ቤት ግን በፊታቸው ነደደ።

በዚህ ነገር ብዙ ሰው ተቆጥቷል። ነገር ግን ሹማምንቱ ያቀረቡትን ምክንያት በቅን ልቡና እንመልከተው። ቤቱ ሲነድ መክፈል የሚቻል ከሆነ፣ አስቀድሞ የሚከፍል ማን ይኖራል? ማንም ካልከፈለ ደግሞ መኪናውን የሚገዛ፣ ሠራተኛውን የሚቀጥር ገንዘብ አይኖርም። ምክንያቱ በራሱ ልክ ትክክል ነው። የተሳሳተው ከሥሩ ያለው አሠራር ነው። እሳት የአንድ ሰው ግድግዳ ላይ ደርሶ አይቆምምና፣ ክፍያውን ለየሰዉ ፈቃድ መተው አይገባም። ሁሉም በግብር አስቀድሞ ይከፍላል፤ አደጋው ሲመጣ ከፍለሃል አልከፈልህም ተብሎ የሚጠየቅ የለም። እንግሊዞች በ1938 ባወጡት ሕግ ይህን አጸኑ። በየአካባቢው ያሉት ምክር ቤቶች የእሳት አደጋ ጓድ እንዲያቆሙ፣ ለባለ ቤቱም ያለ ዋጋ እንዲያጠፉለት ግዴታ ሆነባቸው።

ይሁን እንጂ የአካባቢ ምክር ቤት ብቻውን መፍትሔ እንዳልሆነ ጦርነቱ አሳየ። በ1940ና በ1941 የጀርመን አውሮፕላኖች ከተሞቹን በሚደበድቡበት ጊዜ፣ አንዱ ከተማ ሌላውን ለመርዳት መኪና ሲልክ፣ የቱቦው መጋጠሚያ ልዩ ልዩ ሆኖ አልገጥም ያለበት ጊዜ ነበር። የማዕረጉ ስምና የትእዛዙ ቋንቋም በየከተማው ልዩ ልዩ ነበር። በአገሩ ከ1,600 በላይ የእሳት አደጋ ጓዶች ነበሩና ይህ አያስደንቅም። ስለዚህ በነሐሴ 1941 ሁሉም በአንድ ብሔራዊ የእሳት አደጋ አገልግሎት ሥር ተጠቃለሉ። ከጦርነቱ በኋላ መንግሥቱ በገባው ቃል መሠረት የ1947ቱ ሕግ ወጣ፤ በሚያዝያ 1948ም አገልግሎቱ ለአካባቢ ምክር ቤቶች ተመለሰ። የተመለሰው ግን ለእያንዳንዱ ትንሽ ከተማ አልነበረም። ለአውራጃዎችና ለትላልቅ ከተሞች ብቻ ስለ ሆነ፣ የጓዶቹ ቁጥር ወደ 150 ገደማ ወረደ። ደረጃው አንድ ዓይነት ሆነ፤ አዛዡ ግን የአካባቢው ሰው በሚደርስበት ቦታ ቀረ። በእኔ አስተያየት ከታሪኩ ሁሉ ትልቁ ትምህርት ይህ ነው። ቱቦው በአገር ልክ መግጠም አለበት፤ ተጠያቂው ሰው ግን ከአጠገባችን ሊገኝ ይገባል።

አሁን ወደ ዛሬው አሠራር ልምጣ። በ2004 የወጣው የእሳትና የነፍስ አድን ሕግ በእያንዳንዱ አካባቢ አንድ የእሳትና የነፍስ አድን ባለሥልጣን እንዲኖር ያዝዛል። ተግባሩም እሳት ማጥፋት፣ ሕዝቡን ስለ እሳት ጥንቃቄ ማስተማር፣ በመኪና አደጋ የተያዙትን ማውጣት፣ ሌላም ድንገተኛ አደጋ ሲደርስ መድረስ ነው። በእንግሊዝ፣ በ2021 ከተደረገው ውሕደት በኋላ፣ እንዲህ ያሉ አገልግሎቶች 44 ናቸው። አወቃቀራቸው አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ በአውራጃው ምክር ቤት ሥር ነው። ብዙው ግን ጥቂት ምክር ቤቶች ተባብረው የሚያቆሙት ቦርድ አለው፤ እያንዳንዱ ምክር ቤትም ሕዝብ ከመረጣቸው አባሎቹ መካከል በመራጩ ብዛት ልክ ወደ ቦርዱ ይልካል።

ቦርዱ ዋናውን የጓድ አለቃ ይሾማል፤ በጀቱን ያጸድቃል፤ በአካባቢው የት ምን አደጋ እንዳለ፣ ጣቢያና መኪናም የት መቆም እንዳለበት የሚያሳየውን የሥጋት ዕቅድ ለሕዝብ አቅርቦ አስተያየት ከተቀበለ በኋላ ያጸድቃል። እሳት በተነሣበት ቦታ ግን አዛዡ የጓዱ መኮንን ብቻ ነው፤ የቦርድ አባል መጥቶ «አስቀድማችሁ የእኔን ደጃፍ» ለማለት ሥልጣን የለውም። ይህ ድንበር ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ። ገንዘቡን የሚወስነው ቧንቧውን አይዝም፤ ቧንቧውን የሚይዘውም ገንዘቡን አይወስንም።

ገንዘቡ በዋነኛነት ከሦስት ምንጭ ይመጣል። አንደኛው ነዋሪው በየዓመቱ ለቤቱ የሚከፍለው የአካባቢ ግብር ነው። ባለሥልጣኑ ራሱን የቻለ በሆነበት አካባቢ፣ ለነዋሪው በሚደርሰው የግብር ወረቀት ላይ የአውራጃው ድርሻ ይህን ያህል፣ የፖሊሱ ይህን ያህል፣ የእሳት አደጋው ይህን ያህል ተብሎ ለየብቻው ይጻፋል። በ2023 በብዙ አካባቢዎች የእሳት አደጋው ድርሻ ለመካከለኛ ቤት በዓመት ከመቶ ፓውንድ በታች ነበር። ሁለተኛው ንግድ ቤቶች ከሚከፍሉት ግብር የሚሰጥ ድርሻ ነው፤ ባለሥልጣኑ ከአውራጃው ተለይቶ በቆመበት የገጠር አውራጃ ይህ ድርሻ ከመቶ አንድ ነው። ሦስተኛው ከማዕከላዊው መንግሥት የሚመጣ ድጎማ ነው። ቦርዱ ግብሩን እንደ ፈለገው ሊያስወጣም አይችልም፤ መንግሥቱ በየዓመቱ ከሚወስነው ጣሪያ በላይ ለመጨመር ከፈለገ ለነዋሪው ድምፅ ማቅረብ አለበት። ወጪው ከገቢው እንዲበልጥ ሕጉ አይፈቅድም፤ ይህ የሚያሠጋ ከሆነ የገንዘቡ ኃላፊ ለቦርዱና ለኦዲተሩ በጽሑፍ የማስታወቅ ግዴታ አለበት።

ከዚህ ሁሉ ልቤን የሚነካው ያች አንዲት መስመር ናት። ነዋሪው በዓመት አንድ ጊዜ ወረቀቱን ሲያይ «ለእሳት አደጋ ይህን ያህል ከፍያለሁ» ይላል። ከፍያለሁ ያለ ሰው ደግሞ «ታዲያ መኪናው ለምን ዘገየ?» ብሎ ለመጠየቅ አፉን ይከፍታል። በእኛ ከተማ እንዲህ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። የከፈለ ሁሉ የከፈለው በባርኔጣ ነበርና።

ነገር ግን የእንግሊዞቹን አሠራር እንከን የለውም ብዬ ባቀርብላችሁ አታልላችኋለሁ። የቦርዱን አባሎች ምክር ቤቶቹ ስለሚልኳቸው፣ ብዙው ነዋሪ ስማቸውን እንኳ አያውቅም። ከዚህ የተነሣ በ2017 የወጣ ሕግ፣ ለፖሊስ ጉዳይ በሕዝብ የተመረጠው ኮሚሽነር የእሳት አደጋውንም ሊረከብ እንዲችል ፈቀደ፤ በዚያው ዓመት ኤሴክስ የመጀመሪያዋ ሆነች። አንዱ ወገን «አንድ የታወቀ ሰው ይጠየቅ» ይላል፤ ሌላው ወገን «አንድ ሰው ብቻውን ከሚወስን ብዙዎች ተከራክረው ይወስኑ» ይላል። ክርክሩ ከባድ ነው። በሎንዶን የሆነውን ብንመለከት ክብደቱ ይገባናል። በ2013 ጣቢያዎችን ለመዝጋት የቀረበውን ዕቅድ የዚያን ጊዜው የሎንዶን የእሳት አደጋ ባለሥልጣን አባሎች በብዙ ድምፅ ተቃውመውት ነበር። ከንቲባው ቦሪስ ጆንሰን ግን በሕግ የተሰጣቸውን የማዘዝ ሥልጣን ተጠቅመው ዕቅዱ እንዲፈጸም አደረጉ፤ በ2014 መጀመሪያ ላይም አሥር ጣቢያዎች ተዘጉ። ለመዝጋቱ ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ የእሳት ብዛት መቀነሱ ነበር። መቀነሱም እውነት ነው። ከቀነሰባቸው ምክንያቶች አንዱ ግን የጓዱ ሰዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ መስቀላቸውና ማስተማራቸው ነበር። እሳት አደጋ ሥራውን በሚገባ በሠራ ቁጥር የማያስፈልግ ይመስላል። ገንዘቡን በየዓመቱ ተሟግቶ የሚጠብቅለት ሰው የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

በሰኔ 2017 በምዕራብ ሎንዶን ግሬንፌል በተባለው 24 ፎቅ ሕንፃ የተነሣው እሳት 72 ሰዎችን ገደለ። ይህን ከጣቢያዎቹ መዘጋት ጋር ላያይዘው አልፈልግም፤ እሳቱን ያስፋፋው ሕንፃው በውጭ የተለበሰው ተቀጣጣይ ነገር መሆኑ በምርመራ ታውቋል። በ2024 የወጣው የመጨረሻው የምርመራ መግለጫ መንግሥቱን፣ የሕንፃ ዕቃ ሻጮቹን፣ የሎንዶንን የእሳት አደጋ ጓድ ራሱንም ነቅፏል። ስለ በጀት ግን አንድ የሚነገር ነገር አለ። ሕንፃው 67 ሜትር ነው፤ የሎንዶን ጓድ ረጅሙ መሰላል በዚያን ጊዜ 32 ሜትር ነበር፤ ከእርሱ የሚረዝም መሰላል ከጎረቤት ከሰሪ አውራጃ በውሰት መጣ። ሎንዶን 64 ሜትር የሚደርስ መሰላል የተረከበችው ከአራት ዓመት በኋላ በ2021 ነው። ሀብታም ከተማም ቢሆን ከእሳቱ በኋላ የሚከፍልበት ጊዜ አለ።

ውድ ጓደኞቼ፤ አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። በአዲስ አበባ የእሳትና የአደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን በከተማው አስተዳደር ሥር አለ፤ በ939 የስልክ ቁጥር ይጠራል። ሠራተኞቹ ከጭስ ውስጥ ሰው ሲያወጡ ያየ ሁሉ በአክብሮት ይናገራቸዋል። ነገር ግን ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ በመርካቶ ሸማ ተራ በተነሣው ትልቅ እሳት፣ መንገዱ ጠባብ በመሆኑ መኪኖቹ እንደ ልብ ለመግባት መቸገራቸው ተነግሯል። የመንገድ ስፋት፣ የመንገድ ዳር የውኃ መቅጃ፣ የሕንፃ ፈቃድ፣ እነዚህ ሁሉ የእሳት አደጋ መኪናው ከመነሣቱ ከብዙ ዓመት በፊት የሚወሰኑ ናቸው። የጓዱ ሰው የሚደርሰው ሌሎች ወስነው ባበቁት ነገር ላይ ነው።

«እኛ ድሆች ነን፤ ይህ የሀብታም አገር ወግ ነው» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ለዚህ ሦስት መልስ አለኝ።

አንደኛ፣ ደንቡ ግድ ባለበት ቦታ እኛም አድርገነዋል። በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የእሳት አደጋ መኪኖች ሌሊትና ቀን ተዘጋጅተው ይቆማሉ። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ መኪኖቹ ከመንደርደሪያው በማንኛውም ስፍራ ቢበዛ በሦስት ደቂቃ ውስጥ እንዲደርሱ ያዝዛል። የመከላከያው ደረጃ ከጎደለ መጉደሉ መታወቅ አለበት፤ ትላልቅ አውሮፕላኖችም እንደ ወትሮው ሊያርፉ አይችሉም። እዚያ የነዳጅ ኩፖን የሚፈርም ሰው ጠፋ ተብሎ መኪና ሊቆም አይችልም፤ ከጎደለ ንግዱ ይቆማልና።

ሁለተኛ፣ ለትንሽ ከተማ ርካሽ መንገድ አለ። በእንግሊዝ ከእሳት አደጋ ሠራተኞች ሦስት እጅ አንዱ ገደማ ሌላ መተዳደሪያ ያላቸው ሰዎች ናቸው። አንዱ ባለሱቅ፣ አንዱ አናጺ ነው። በሚገባ ሠልጥነው፣ በተጠሩ ጊዜ ሥራቸውን ትተው ይሮጣሉ፤ ለጥሪው ይከፈላቸዋል፤ ለዝግጁነታቸውም ጥቂት አበል አላቸው። በእኛ ገበያ ያን ሌሊት በጀሪካን ሲራወጡ ከነበሩት ጎልማሶች አሥሩ ሠልጥነው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ በሆነ ነበር።

ሦስተኛውና ዋናው ግን፣ አስቀድሞ መክፈልን እኛ ከማንም መማር አያስፈልገንም። እናቶቻችን በየወሩ የእድር ይከፍላሉ። ማን መቼ እንደሚሞት ሳያውቁ ይከፍላሉ። እድሩ ዳኛ አለው፤ ጸሐፊ አለው፤ ገንዘብ ያዥ አለው፤ ድንኳኑና ድስቱ በማን ቤት እንደተቀመጠ፣ ቁልፉም በማን እጅ እንዳለ ሁሉም ያውቃል። ገንዘብ ያዡ ወደ ሌላ አገር ቢሄድ ተተኪ ሳይሰይም አይሄድም፤ ሬሳ አይጠብቅምና። በአንድ ሌሊት ድንኳን የሚተከለው፣ ወንበር የሚደረደረው በዚህ ነው። የሰውን ቀብር እንዲህ አድርጎ የሚያስተዳድር ሕዝብ፣ የሰውን ነፍስ የሚያድን መኪና ማስተዳደር ያቅተዋል ብዬ አላምንም። እድሩን የእሳት አደጋ ጓድ ይሁን ማለቴ አይደለም፤ ሥራው ሙያና ሕግ ያለው የከተማ ሥራ ነው። የእድሩን ጥያቄ ግን ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ይዘን መሄድ እንችላለን።

ስለዚህ ክረምት ሲመጣ ሁላችን ወደየአገራችን ስንበተን፣ ከእናንተ አንድ ነገር እለምናለሁ። በየከተማችሁ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሂዱና በትሕትና ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ በዚህ ከተማ ስለ እሳት አደጋ የሚጠየቀው ሰው ማን ነው? እርሱ በሌለበት ቀንስ ማን ይፈርማል? ሁለተኛ፣ ለነዳጁ፣ ለጎማው፣ ለቱቦውና ለሠራተኛው የተመደበው ገንዘብ በበጀቱ ውስጥ በራሱ መስመር ተጽፏልን? ወይስ ከሌላ ወጪ ጋር ተቀላቅሎ ሌላው ሲጎድል ከእርሱ ይቀነሳል? ሦስተኛ፣ መኪናው ተነሥቶ ቱቦው ውኃ መርጨቱን፣ እሳት በሌለበት ቀን፣ ከጓዱ ውጪ የሆነ ሰው ለመጨረሻ ጊዜ ያየው መቼ ነው? መልሱን ጽፋችሁ አምጡልኝ። በመስከረም በዚሁ መድረክ ላይ ተሰብስበን የየከተማውን መልስ ብናነብበው፣ ከእኔ የዛሬ ንግግር እጅግ የሚበልጥ ትምህርት ይሆናል። መኪና የሌላቸው ከተሞች ብዙ እንደሚሆኑ እገምታለሁ፤ እነርሱም ይጻፉ። የለም የሚለው መልስ ራሱ መልስ ነው።

ንግግሬን ከመጨረሴ በፊት፣ ስለ አክስቴ መጨረሻውን ላልጠየቃችሁኝ ልንገራችሁ። ሱቁን እንደገና ለማቆም ሦስት ዓመት ፈጀባት። ዛሬም በዚያው ቦታ ትሸጣለች። በየወሩ የእድሯን ትከፍላለች፤ በየዓመቱም የንግድ ግብሯን ትከፍላለች። ባለፈው በዓል ቤት በሄድኩ ጊዜ፣ ደረሰኟን አሳየችኝና «አንተ የተማርክ ልጅ፣ ከዚህ ውስጥ የቀይዋ መኪና የቱ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየሁት። ልመልስላት አልቻልኩም።

እኔ ያልመለስኩላትን ጥያቄ ነው ዛሬ ለእናንተ ያመጣሁት።